አላን ሹጋርት እና ስሙ የተፋቀበት ውል

በኪስ ተይዞ የሚዞረው ፍላሽ፣ በመሥሪያ ቤት ጓዳ ሌት ተቀን የሚሠራው ሰርቨርና በኔትወርክ ማዶ የተቀመጠው ሰፊ ማከማቻ በመልክም በዋጋም የማይገናኙ መሣሪያዎች ናቸው። ይሁን እንጂ መረጃ ሲጠየቁ የሚታዘዙበት ቋንቋ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ይኸውም ስካዚ በሚል ስም የሚታወቀው የትእዛዝ ሥርዓት ሲሆን፣ በኮምፒዩተር ሙያ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ ኖረው ዛሬም በየዕለቱ ከሚሠራባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ይህ ሥርዓት ሲወለድ የአንድ ሰው ስም ነበረበት፤ መስፈርት ሲሆን ግን ስሙ ተፋቀ። ሰውየው አላን ሹጋርት ነው። የእሱን ሕይወት መተረክ የዲስክን ታሪክ መተረክ ማለት ነው፤ የዲስክ ታሪክ ደግሞ አዲስ ነገር የሚሠራ ሰው ለአሮጌው ምን ዕዳ አለበት ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሹጋርት ሴፕቴምበር 27 ቀን 1930 በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ ተወለደ። በዚያው በካሊፎርኒያ በሚገኘው በሬድላንድስ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ፊዚክስ አጥንቶ በ1951 እንደ ተመረቀ፣ ሳይውል ሳያድር አይ.ቢ.ኤም. በተባለው ኩባንያ ተቀጠረ። የተሰጠው ሥራ አዲስ ማሽን መንደፍ አልነበረም፤ ደንበኞች ዘንድ እየሄደ የተበላሸውን መጠገን ነበር። የጥገና ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ማሽኑ በየትኛው ዓመት እንደ ተሠራ ሳይሆን ደንበኛው ሥራ እንዳይፈታ ነው። ስለዚህ ሙያውን ከዚህ ወገን የጀመረ መሐንዲስ አሮጌ ማሽን የሚለውን ቃል የሚሰማው ከፋብሪካው ወገን እንደ ጀመረው ሰው አይደለም።

በ1955 በሳን ሆዜ ከተማ ወደሚገኘው የኩባንያው ላቦራቶሪ ተዛወረ። በዚያም በሬይኖልድ ጆንሰን መሪነት ራማክ የተባለው ማሽን እየተሠራ ነበር። በ1956 ለገበያ የቀረበው ይህ ማሽን፣ ተንቀሳቃሽ የንባብ ራስ ያለው ዲስክ ይዞ ለንግድ የወጣ የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ነው። እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ዲስኮች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው ይሽከረከሩበት ነበር። ክብደቱ ከአንድ ቶን የሚበልጥ ሲሆን፣ በጠቅላላው የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። እስከዚያ ድረስ መዝገብ የሚቀመጠው በተበሳ ካርድና በቴፕ ስለ ነበረ፣ በስተመጨረሻ ያለውን ለማግኘት ከመጀመሪያው ጀምሮ ማለፍ ግድ ነበር። ዲስክ ይህን ድካም አስቀርቶ የተፈለገውን ገጽ በቀጥታ ለመግለጥ አስቻለ።

ሹጋርት በዚህ ሙያ እየበሰለ ሄዶ በመጨረሻ የኩባንያው የዲስክ ማከማቻዎች ኃላፊ ሆነ። በ1967 በእሱ ሥር የተጀመረውና ዴቪድ ኖብል የመራው ሥራ 8 ኢንች ስፋት ያለውን ፍሎፒ ዲስክ አስገኝቶ በ1971 ለአገልግሎት አበቃው። በ1969 ሹጋርት አይ.ቢ.ኤምን ትቶ ወደ ሜሞሬክስ ኩባንያ ሲሄድ፣ ከሥሩ የነበሩ ብዙ መሐንዲሶች ተከትለውት ሄዱ። በ1973 ደግሞ ሹጋርት አሶሺየትስ የተባለ ኩባንያ በራሱ ስም አቋቋመ።

ይህ ኩባንያ በእጁ ብዙ አልቆየም። ገንዘብ ካቀረቡት ሰዎች ጋር ባለመስማማቱ በ1974 ካቋቋመው ድርጅት ወጣ። ስሙ በበሩ ላይ ቀረ፤ እሱ ግን ከበሩ ውጭ ሆነ። ለጥቂት ዓመታትም በማማከርና ጀልባ ገዝቶ ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ በማጥመድ ይተዳደር ነበር። ኩባንያው ግን ያለ እሱም ቀጠለ፤ በ1976 ባለ 5.25 ኢንቹን ፍሎፒ አውጥቶ በዓለም ገበያ ታወቀ፤ በ1977ም ለዜሮክስ ተሸጠ።

ዛሬ ስካዚ የሚባለው ሥርዓት የተነደፈው እንግዲህ ሹጋርት ከወጣ በኋላ ነው። በ1979 ገደማ ላሪ ባውቸር የተባለ የኩባንያው መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ኮምፒዩተርንና ዲስክን የሚያገናኝ አንድ ሥርዓት ነደፈ። ስሙንም ሳሲ አሉት፤ የሹጋርት አሶሺየትስ የሥርዓት መገናኛ ለማለት ነው። በ1981 ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ከዚያም ለአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም ሲቀርብ፣ የአንድ ኩባንያ ስም በብሔራዊ መስፈርት ላይ ሊጻፍ ስለማይገባ፣ ኮሚቴው በ1982 የአነስተኛ ኮምፒዩተሮች የሥርዓት መገናኛ ብሎ ሰየመው፤ ስካዚ የሚለውም አህጽሮት ከዚህ መጣ። መስፈርቱ በ1986 ታተመ። በዚህ ዓይነት ሹጋርት ሁለት ጊዜ ተነቀለ ለማለት ይቻላል፤ መጀመሪያ ሰውየው ከኩባንያው፣ ቀጥሎም ስሙ ከሰነዱ።

የሳሲ ቁም ነገር በአጭሩ ሊገለጽ የሚችል ነው። ከዚያ በፊት ኮምፒዩተር ዲስክን ለማዘዝ የዲስኩን አካል ማወቅ ነበረበት፤ ትእዛዙም ስንተኛው ሲሊንደር፣ ስንተኛው የንባብ ራስ፣ ስንተኛው ሴክተር የሚል ነበር። ሳሲ ይህን ዕውቀት ወደ ዲስኩ ወገን አዛወረው። ኮምፒዩተሩ የሚጠይቀው የብሎክ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ ብሎኩ በየትኛው ገጽ ላይ እንደሚገኝ ግን የዲስኩ ጉዳይ ነው። ደብዳቤ የሚልክ ሰው የፖስታ ሣጥኑን ቁጥር ይጽፋል እንጂ፣ ሣጥኑ በፖስታ ቤቱ በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደ ተተከለ ማወቅ አያስፈልገውም። ፖስታ ቤቱ ሣጥኖቹን ወደ ሌላ ክፍል ቢያዛውርም ቁጥሩ እስካልተለወጠ ድረስ ደብዳቤው ይደርሳል።

ሹጋርት ራሱ ወደ ሙያው የተመለሰው በ1979 ነው። ከፊኒስ ኮነር ጋር ሆኖ ሹጋርት ቴክኖሎጂ የተባለ ኩባንያ ቢያቋቁምም፣ ስሙ ከቀድሞው ኩባንያ ስም ጋር የሚጋጭ ስለ ሆነ ሲጌት ቴክኖሎጂ ተብሎ ተለወጠ። ሰውየው የገዛ ስሙን እንኳ ሊጠቀምበት አልቻለም። ሲጌት በ1980 ያወጣው ኤስ.ቲ. 506 የተባለ ሃርድ ዲስክ 5 ሚሊዮን ባይት የሚይዝና በባለ 5.25 ኢንቹ ፍሎፒ ስፍራ ለመግባት የሚችል ነበር። ተከታዩ ኤስ.ቲ. 412 የ10 ሚሊዮን ባይት ሲሆን፣ አይ.ቢ.ኤም. በ1983 ባወጣው ፒ.ሲ. ኤክስ.ቲ. ውስጥ ገባ። ሃርድ ዲስክ በአንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ መታየት የጀመረው በዚህ ዘመን ነው።

እነዚህ የሲጌት ዲስኮች ግን የሚታዘዙት በቀድሞው መንገድ፣ በሲሊንደርና በራስ ቁጥር ነበር። መንገዱ ለጊዜው ርካሽና ቀላል ስለ ነበረ በሰፊው ተሠራበት፤ ዋጋውም በኋላ ተከፈለ። ዲስኮች እያደጉ ሲሄዱ በግል ኮምፒዩተሮች ላይ 1024 ሲሊንደር፣ 16 ራስና 63 ሴክተር የሚሉት ወሰኖች አንድ ላይ ሆነው የ528 ሚሊዮን ባይት ጣሪያ ፈጠሩ። ከዚያ ለማለፍ ዲስኮቹ የሌላቸውን የንባብ ራስ እንዳላቸው አድርገው መናገር ነበረባቸው። ሹጋርት በእጁ ያወጣው መገናኛ የዲስኩን አካል ገላልጦ ስላሳየ አካሉ ሲለወጥ አረጀ፤ እሱ ሳይኖር በስሙ የተጠራው መገናኛ ግን አካሉን ስለ ሸፈነ ከብዙ ትውልድ ዲስክ በላይ ኖረ።

ስካዚም ቢሆን የራሱ ጣሪያ ነበረው። የመጀመሪያው የማንበቢያ ትእዛዝ 6 ባይት ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ለብሎክ ቁጥር የተመደበለት 21 ቢት ብቻ ነው። አንድ ብሎክ 512 ባይት ቢሆን ከ1,073,741,824 ባይት በላይ መድረስ አይችልም። ቀጥሎ የመጣው ባለ 10 ባይት ትእዛዝ 32 ቢት ስላለው ወደ 2.2 ትሪሊዮን ባይት ገደማ ይደርሳል። ይህም ሲጠብ ለብሎክ ቁጥር 64 ቢት የሚሰጥ ባለ 16 ባይት ትእዛዝ ተጨመረ። ቁም ነገሩ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ወዲያው አለመሰረዙ ነው። የእያንዳንዱ ትእዛዝ የመጀመሪያ ባይት በላይኞቹ ሦስት ቢቶች የትእዛዙን ወገን፣ ማለት ርዝመቱን ስለሚናገር፣ አጭሩና ረጅሙ ሳይደናገሩ በአንድ ገመድ ላይ አብረው ሊሄዱ ችለዋል።

አብሮ መኖሩ ግን ያለ ጥንቃቄ አይገኝም፤ ጥንቃቄውም የሚወድቀው በድራይቨር ጸሐፊው ላይ ነው። በባለ 6 ባይቱ ትእዛዝ የሚነበበው ብሎክ ብዛት 0 ተብሎ ሲጻፍ 256 ብሎክ ማለት ነው፤ ለብዛቱ የተመደበው አንድ ባይት ብቻ ስለ ነበረ፣ ቀደምት መሐንዲሶች ዜሮን ለትልቁ ቁጥር ሰጡት። በባለ 10 ባይቱ ትእዛዝ ግን 0 ማለት ምንም ማለት ነው። ሁለቱ አንድ መስለውት የጻፈ ሰው ምንም እንዳይጻፍ ሲያዝ 256 ብሎክ በላዩ ሊጽፍ ይችላል። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያለው የዲስክ ድራይቨር ባለ 6 ባይት ትእዛዝ ሲያዘጋጅ የዜሮ ብዛትን አስቀድሞ የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው ድራይቨር በባለ 10 ባይት ትእዛዝ ጠይቆ መሣሪያው ትእዛዙን አላውቀውም ብሎ ሲመልስ፣ መሣሪያውን እንደ ሞተ አይቆጥረውም፤ ጠባዩን መዝግቦ በባለ 6 ባይቱ ደግሞ ይጠይቀዋል።

በ2004 የታተመውና በተራ ቁጥር 3720 የሚታወቀው የኢንተርኔት መስፈርት፣ የስካዚን ትእዛዞች በቲ.ሲ.ፒ. ላይ ጭኖ በኔትወርክ የሚያስተላልፈውን የአይ-ስካዚ ሥርዓት ደነገገ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰርቨር በሌላ ሕንፃ ያለን ዲስክ በራሱ ሣጥን ውስጥ እንዳለ አድርጎ ለማዘዝ ይችላል። ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ በመጀመሪያ ይደራደራሉ። አንዱ የሚያውቃቸውን ዘዴዎች በምርጫው ቅደም ተከተል ሲያቀርብ፣ ሌላው ከሚችላቸው የመጀመሪያውን ይመርጣል። አንዱ ወገን የማያውቀው ጥያቄ ቢቀርብለት አልገባኝም ብሎ ይመልሳል እንጂ ንግግሩን አያቋርጥም። ስለ አንድ ጉዳይ ሳይነሣ ከታለፈ ደግሞ መስፈርቱ አስቀድሞ የወሰነው ልክ ይጸናል፤ ለምሳሌ በአንድ ጊዜ የሚቀበለውን የመረጃ መጠን ያላስታወቀ ወገን 8192 ባይት እንደሚቀበል ይቆጠራል። አሮጌው መሣሪያ ዝም በማለቱ ብቻ ከማኅበር አይወጣም።

ይህ ሁሉ በሥራ ላይ ምን ትርጉም እንዳለው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ በቤቴል ሰፈር ያለ አንድ መጠነኛ ክሊኒክ ይታሰብ። የበሽተኞቹ መዝገብ የተቀመጠው ከብዙ ዓመት በፊት በተገዛና በአይ-ስካዚ በሚገናኝ ማከማቻ ላይ ነው። ሰርቨሩ አርጅቶ በአዲስ ተተካ፤ አዲስ ድራይቨርም ተጫነ። አሮጌው ማከማቻ መጠኑን ሲጠየቅ የሚያውቀው ባለ 10 ባይቱን ጥያቄ ብቻ ነው። ድራይቨሩን የጻፈው ሰው ጽሑፉ እንዲያጥርለት ብሎ ባለ 16 ባይቱን ብቻ ትቶ ከሆነ፣ ማከማቻው ትእዛዙን አላውቀውም ብሎ ስለሚመልስ ሰርቨሩ የዲስኩን መጠን ሊያውቅ አይችልም። ማከማቻው ይሽከረከራል፤ መብራቱ ይበራል፤ መዝገቡም ሳይነካ ተቀምጧል። ይሁን እንጂ ዲስኩ ሞቷል ይባላል፤ ክሊኒኩም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ እንዲያስመጣ ይመከራል፤ ለዓመታት የተመላለሰ በሽተኛም እንደ አዲስ ካርድ ያወጣል።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ። ባለ 10 ባይቱን ብቻ የያዘ ድራይቨር ትልቅ ዲስክ ሲያጋጥመው የመልሱ 32 ቢት በሙሉ 1 ሆኖ ይመለስለታል፤ ይህም መጠኔ ከዚህ በላይ ስለ ሆነ በረጅሙ ትእዛዝ ጠይቀኝ ማለት ነው። ምልክቱን ያልተረዳ ድራይቨር ዲስኩን በ2.2 ትሪሊዮን ባይት ላይ ይቈርጠዋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ረጅሙን የብሎክ ቁጥር በ32 ቢት ለማስገባት ትርፉን የሚጥል ድራይቨር ነው፤ በዲስኩ መጨረሻ ሊጻፍ የተላከው መረጃ በመጀመሪያው ላይ ይጻፍና የቆየውን ያጠፋል። እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ ሁለቱንም አውቆ መሣሪያው በሚችለው ማነጋገር ነው።

ይህ ማለት ያረጀ ሁሉ ለዘለዓለም ይያዝ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ አሮጌ የአሠራር ስልት መፈተን ይፈልጋል፤ የሚፈተንበት መሣሪያ በማንም እጅ ሳይኖር በድራይቨር ውስጥ የተረሳ መሥመር የተደበቀ ጉድጓድ ነው። በኔትወርክ ላይ የቆየ ደካማ የማንነት ማረጋገጫ ዘዴን ለአሮጌ ዕቃ ሲባል ክፍት መተውም ቤቱን ለሌባ መክፈት ነው። የሹጋርት የራሱ ኩባንያ ታሪክ ይህን ወገን ያሳያል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ባለ 3.5 ኢንች ዲስኮች ሲመጡ ሲጌት በለመደው ባለ 5.25 ኢንች ላይ ቆየ። ሲጌትን የለቀቀው ፊኒስ ኮነር በስሙ ያቋቋመው ኩባንያ ግን አነስተኛውን ዲስክ ይዞ ገበያውን ቀደመ። ሲጌት ዘግይቶ ተከተለ፤ በ1989 ኢምፕሪሚስ የተባለውን ታላቅ የዲስክ አምራች ገዛ፤ በ1996 ደግሞ የኮነርን ኩባንያ ጠቀለለ። አሮጌውን ማገልገል አንድ ነገር ነው፤ በአሮጌው ላይ ተኝቶ መቅረት ሌላ ነው። ስካዚ የኖረው አሮጌውን ሳይሰርዝ በየጊዜው አዲሱን ስለ ጨመረ ነው።

ሹጋርት በጠባዩ ክብርን የማያበዛ፣ ባለ ሥልጣንን የማይፈራ ሰው ነበር። በ1996 ኧርነስት የተባለ ውሻውን ለአሜሪካ ምክር ቤት ዕጩ አድርጎ ለማቅረብ ሞከረ፤ ነገሩ ቀልድ ቢመስልም በፖለቲከኞች መሰላቸቱን ለማሳየት ያደረገው ነበር። በ2000ም የካሊፎርኒያ መራጮች ከቀረቡት ዕጩዎች ማንንም አንፈልግም ብለው ድምፅ ለመስጠት እንዲችሉ የሚያደርግ ሐሳብ ለሕዝብ ውሳኔ አስቀረበ፤ ሐሳቡ ግን አላለፈም። በ1997 የዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር በቀድሞ አለቃው በሬይኖልድ ጆንሰን ስም የሚሰጠውን የማከማቻ ሙያ ሽልማት ሰጠው። በዓመቱ፣ በ1998፣ የሲጌት የዲሬክተሮች ቦርድ ከሥልጣኑ አነሣው። ከ24 ዓመት በፊት የደረሰበት በ68 ዓመቱ ዋዜማ እንደገና ደረሰበት። ከዚያ በኋላ አነስተኛ ድርጅት አቋቁሞ ጀማሪ ኩባንያዎችን ይረዳ ነበር። ዲሴምበር 12 ቀን 2006 በካሊፎርኒያ በሞንቴሬይ ከተማ፣ በልብ ቀዶ ሕክምና ምክንያት በተከተለው ሕመም በ76 ዓመቱ አረፈ።

ከሞተ በኋላም ዲስኮች መለወጣቸውን አላቆሙም። ከ2010 ገደማ ወዲህ ብዙ ዲስኮች በውስጣቸው የሚጽፉት በ4096 ባይት ብሎክ ሆኖ ሳለ፣ በውጭ ግን ለቀድሞ ድራይቨሮች ሲሉ ባለ 512 ባይት መስለው ይቀርባሉ። የሚሽከረከር አካል የሌላቸው ማከማቻዎችም መጥተው አዲስ የትእዛዝ ሥርዓት ይዘዋል። ቢሆንም ወደ ኮምፒዩተር የሚሰካው ተራ ፍላሽ አሁንም የሚታዘዘው በስካዚ ትእዛዞች ነው። መሣሪያው ሲሰካ መጀመሪያ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ ማነህ የሚለው ነው። እሱም በ36 ባይት መልስ የሠሪውን ስም፣ የራሱን ስምና የትኛውን የመስፈርት ትውልድ እንደሚከተል ይናገራል። ድራይቨሩ ዕድሜውን ካወቀ በኋላ በሚገባው ቋንቋ ያነጋግረዋል።

ድራይቨር የሚጽፉና ማከማቻ የሚያስተዳድሩ ባልደረቦች ከሹጋርት ታሪክ ሊወስዱት የሚገባው ሥርዓት ይኸው ነው። አሮጌ የአሠራር ስልት ከመሰረዙ በፊት ማን እንደሚገለገልበት ይጠየቅ፤ የሚቀር ከሆነ ይፈተን፤ የሚሰረዝ ከሆነ ባለ ንብረቱ መረጃውን የሚያወጣበት ጊዜና መንገድ ይሰጠው። መጠየቁ ጥቂት ባይት፣ መፈተኑም ጥቂት ቀን ይፈጃል፤ በአሮጌው ዲስክ ላይ ያለው መዝገብ ግን ከጠፋ በማንኛውም አዲስ መሣሪያ አይተካም።